18 አምፖልና አንድ ሰፌድ ምስር
ስለ ቤት መብራት የሚባለውና እውነታው

አክስቴ አዲሱ ኮንዶሚኒየም ቤቷ በገባች ሰሞን እንኳን ደስ አለሽ ልላት ሄድኩ። ሳሎኑ በጂፕሰም ኮርኒስ አጊጧል። ዳር ዳሩን ሰማያዊ የኤልኢዲ ገመድ ዞሮታል፣ መሃሉ ላይ ሻንደሊየር ተንጠልጥሏል፣ ግራና ቀኙን ስፖቶች ተደርድረዋል። ብቆጥራቸው 18 አምፖል ሆኑ፤ ሁሉም በርተዋል። ቀኑ ለዓይን ያዝ እያደረገ ነበር። አክስቴ ግን ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በረንዳው በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«እቴቴ፣ ለምን ውስጥ ገብተሽ አትለቅሚም?» አልኳት።

«ልጄ፣ ውስጥ ድንጋዩ አይታየኝም» አለችኝ።

ያ ምሽት ከአእምሮዬ አልጠፋም። ለመብራቱ የወጣው ገንዘብ ቀላል አልነበረም፤ የቤቱ ባለቤት ግን ያጣችው ብርሃን ነበር። ከዚያ ወዲህ የዘመድና የወዳጅ ቤት በገባሁ ቁጥር ተመሳሳይ ነገር አያለሁ። የመብራት ዕቃ እንገዛለን እንጂ ብርሃኑ የት ላይ እንደሚያርፍ አንጠይቅም። ለዚህ ያበቃን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩ ጥቂት እምነቶች ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

፩. «ዋቱ የበዛ አምፖል የበለጠ ያበራል»

እውነታው፦ ዋት አምፖሉ የሚበላውን ኃይል ይናገራል፤ የሚሰጠውን ብርሃን አይናገርም። እምነቱ የመጣው ከባለ ክሩ አምፖል ዘመን ነው። ያኔ ሁሉም አምፖል የሚሠራው በአንድ መንገድ ስለነበር ባለ 100 ከባለ 60 ይበልጣል ማለት ልክ ነበር። ሆኖም ያ አምፖል ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው 5 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

የብርሃን መስፈሪያው ሉመን ይባላል። ባለ 60 ዋቱ ባለ ክር አምፖል 800 ሉመን ገደማ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ያንኑ 800 ሉመን ከ8 እስከ 10 ዋት የሚወስድ ኤልኢዲ ይሰጣል። ሁለቱም በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ፣ ባለ ክሩ በዓመት 110 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ባለ 9 ዋቱ ኤልኢዲ ደግሞ 16 ገደማ ቆጣሪው ላይ ያስመዘግባሉ። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ «ስንት ዋት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ካርቶኑን አዙራችሁ ሉመኑን አንብቡ።

፪. «ነጭ ብርሃን ንጹሕና ዘመናዊ ነው፤ ቢጫው ቤቱን ያስረጀዋል»

እውነታው፦ ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በኩራዝና በማሾ ላደገ ሰው ቢጫ ብርሃን ማለት ጭስ፣ ጥላሸትና የላምባ ሽታ ነው። ነጩ ሸምበቆ አምፖል ግን የተዋወቀን በቢሮ፣ በትምህርት ቤትና በሐኪም ቤት በኩል ነው። ነጩን የመረጠ ሰው ከችግር ዘመን የራቀ ይመስለዋል። ችግሩ ሳሎኑ ሐኪም ቤት አለመሆኑ ነው።

የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ እሳት፣ ሲጨምር ወደ ሰማይ ይጠጋል። የሻማ ብርሃን 1,900 ኬልቪን ገደማ ነው፤ የድሮው ባለ ክር አምፖል 2,700፤ የቀትር ፀሐይ 5,500 ገደማ። ከሱቅ «ነጭ» ብለን የምንገዛው አብዛኛውን ጊዜ 6,500 ነው። ይህ ማለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሳሎናችን ውስጥ ከቀትር ፀሐይ የበለጠ ሰማያዊ ብርሃን እናበራለን ማለት ነው።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የታተሙ ጥናቶች በዓይናችን ውስጥ ለማየት ከሚያገለግሉት ሕዋሳት ሌላ፣ ብርሃንን በራሳቸው የሚለዩና ለሰውነታችን ሰዓት መረጃ የሚያቀብሉ ሕዋሳት እንዳሉ አሳይተዋል። እነዚህ ሕዋሳት ይበልጥ የሚነቁት በሰማያዊ ብርሃን ነው። እነሱ ሲነቁ አንጎል ገና ቀን ነው ብሎ ያስባል፤ እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞንም ይዘገያል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትጠልቃለች። ከዚያ እስከ መኝታ ያሉት ሦስትና አራት ሰዓታት የአምፖል ሰዓታት ናቸው። ልጆች የሚያጠኑበት፣ ከዚያም ወዲያው የሚተኙበት ሰዓት ስለሆነ ነገሩ ሊታሰብበት ይገባል።

ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን፣ ለማድ ቤትና ለማጥኛ ጠረጴዛ 4,000 ገደማ ጥሩ ነው። 6,500ውን ለጋራዥና ለዕቃ ቤት ተዉት። አንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነጭ አትቀላቅሉ፤ ዓይን ወዲያው ይለየዋል፣ ቤቱም ያልተጨረሰ ይመስላል።

፫. «ኮርኒሱ መሃል ላይ አንድ ጠንካራ መብራት ካለ ይበቃል»

እውነታው፦ የአክስቴ ምስር የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ማድ ቤቷ ውስጥ አንድ ጠንካራ መብራት ኮርኒሱ መሃል ላይ አለ። ጠረጴዛው ግን ግድግዳው ጋ ስለሆነ ስትሠራ ጀርባዋን ለመብራቱ ትሰጣለች። ሰፌዱ ላይ የሚያርፈው የራሷ ጥላ ነው። እዚያው መሃል ላይ የበለጠ ጠንካራ አምፖል ቢገባ ጥላው ይጠቁራል እንጂ አይጠፋም።

ርቀትም የራሱ ሕግ አለው። ከአንድ አምፖል ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ከሰፌዱ አንድ ክንድ ርቆ የተቀመጠ ትንሽ መብራት ኮርኒስ ላይ ከተሰቀለ ትልቅ መብራት ይበልጣል።

ሪቻርድ ኬሊ የተባለው አሜሪካዊ የመብራት ዲዛይነር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 የቤትንና የሕንፃን ብርሃን ለሦስት ከፍሎት ነበር፤ የዛሬ ባለሙያዎችም ከዚያ ሐሳብ ብዙ አልራቁም። አንደኛው ክፍሉን በሙሉ በስሱ የሚያለብስ ብርሃን ነው። ሁለተኛው ሥራ ላይ የሚያነጣጥር ነው፤ መጽሐፉ፣ መክተፊያው፣ መስተዋቱ ላይ። ሦስተኛው ዓይንን ደስ የሚያሰኝ ጌጥ ነው። እኛ ቤት ብዙ ጊዜ ያሉት አንደኛውና ሦስተኛው ናቸው፤ የጎደለው መካከለኛው ነው።

ይህን ለማሟላት ግድግዳ መሰርሰር አያስፈልግም። ከማድ ቤቱ ቁም ሳጥን ሥር የሚለጠፍ አጭር የኤልኢዲ ገመድ፣ ከሶፋው ጎን የሚቆም መብራት፣ አልጋው አጠገብ አባጁር፣ ረከቦቱ የሚዘረጋበት ጥግ ላይ ዝቅ ያለ ሞቅ ያለ ብርሃን ይበቃል። ሶኬት ካለ ሁሉም በአንድ ቀን ይሆናል። የኪራይ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ ሲለቅ ይዞት የሚሄደው ንብረት ነው።

፬. «ኮርኒሱ በስፖት ሲሞላ ቤቱ ያምራል»

እውነታው፦ ስፖት የተፈጠረው አንድን ነገር ነጥሎ ለማሳየት ነው። በረድፍ ተተክሎ ወደ ወለል ሲወርድ የሚያሳየው ምንጣፉንና የእንግዳውን አናት ነው። የሰውም ፊት ከላይ ብቻ ብርሃን ሲያገኝ ዓይኑ ሥር ይጠቁራል፣ የደከመ ይመስላል። ሶፋው ላይ ጋደም ያለ ሰው ደግሞ አምፖሉን ፊት ለፊት ስለሚያየው ዓይኑ ይጭበረበራል።

የተጋለጠ አምፖል እንደሚጎዳ ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን ነው። በልጅነቱ በላምባ መብራት ያደገ ሰው ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ግን ብርሃኑ ሻካራ ሆነበት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ አጋማሽ የሠራው ባለ ሦስት ሽፋን መብራት አምፖሉን ከዓይን ሰውሮ ብርሃኑን ብቻ ወደ ጠረጴዛው ይልካል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ዛሬም ይመረታል። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ብርሃኑ ይታይ፣ አምፖሉ ይሰወር።

ክፍል ሰፊና ብሩህ መስሎ የሚታየን ግድግዳው ሲበራ ነው። ዓይናችን ቀና ብሎ የሚያየው ወለሉን ሳይሆን ግድግዳውን ነውና። ነጭ ቀለም ያረፈበትን ብርሃን 80 በመቶ ገደማ ይመልሳል፤ ጥቁር ቡናማ ወይም ጥቁር ግራጫ ግድግዳ ግን አብዛኛውን ይውጠዋል። ስለዚህ ስፖት የምትተክሉ ከሆነ ወደ ግድግዳው አስጠጉት፤ በሥዕሉ፣ በመጻሕፍቱ፣ በመጋረጃው ላይ ያንሸራትት። የኤልኢዲ ገመዱም ነጠብጣቡ እንዳይታይ በሽፋን ውስጥ ይግባ፣ ቀለሙም ሞቅ ያለ ነጭ ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት ለእያንዳንዱ ረድፍ የየራሱ ማብሪያ ማጥፊያ እንዲያደርግ ንገሩት። አክስቴ ቤት 18ቱም በአንድ ማብሪያ ነበር የሚበሩት።

፭. «ካበራ፣ ኤልኢዲ ሁሉ አንድ ነው»

እውነታው፦ ሽሮ ሜዳ ቀሚስ የገዛ ሰው ይህን ያውቃል። ጥለቱን ሱቁ ውስጥ አይቶ አይጨርስም፤ በር ላይ ወጥቶ በፀሐይ ያየዋል። አምፖል ቀለምን ሊደብቅ እንደሚችል እናቶቻችን ያለ ሳይንስ ያውቁታል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ነጭ የሚባለው ኤልኢዲ ከሥሩ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈጠሩት ጃፓን የተወለዱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በሰማያዊው ላይ ቢጫ የሚያበራ ንጥረ ነገር ሲቀባበት ብርሃኑ ለዓይን ነጭ ይመስላል። ርካሽ ሆኖ ሲሠራ ግን ቀዩ የብርሃን ክፍል ይሳሳበታል። ያኔ የዶሮ ወጡ ቅላት ይደበዝዛል፣ የሰው ፊት ይገረጣል፣ ምጣዱ ላይ ያለው ቡና መቅላቱንና ማረሩን መለየት ያስቸግራል።

የቀለም ታማኝነት መለኪያው ካርቶኑ ላይ «ሲአርአይ» ወይም «አርኤ» ተብሎ ይጻፋል፤ ጣሪያው 100 ነው። ለቤት ከ80 አይውረድ። ለማድ ቤት፣ ለመመገቢያና ለመስተዋት 90ና ከዚያ በላይ ፈልጉ።

፮. «ኤልኢዲ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» ወይም «ኤልኢዲ ውሸት ነው፤ በወሩ ይቃጠላል»

እውነታው፦ ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 15,000 ወይም 25,000 ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 70 በመቶ እስኪወርድ ያለውን ዕድሜ የሚገልጽ ነው። 25,000 ሰዓት በቀን 5 ሰዓት ቢሰላ ከ13 ዓመት በላይ ነው። ቶሎ የሚሞተው ብርሃን ሰጪዋ ቅንጣት ሳትሆን አምፖሉ አንገት ውስጥ ያለው ኃይል አስተካካይ ክፍል ነው፤ የሚገድለውም ሙቀትና የኃይል መዋዠቅ ነው። አየር በማያስገባ የመስታወት ሽፋን ውስጥ የታፈነ አምፖል ዕድሜው ያጥራል። ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ደግሞ ሰፊ የቮልት ክልል፣ ለምሳሌ ከ85 እስከ 265፣ የተጻፈበትን ምረጡ።

ሱቅ ውስጥ አንድ ፈተና አለ። የስልካችሁን ካሜራ ወደበራው አምፖል ጠጋ አድርጉ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ጎልተው ከተንሸራተቱ አምፖሉ ይርገበገባል ማለት ነው። ዓይን ባያየውም አንዳንድ ሰው ራስ ምታት ይይዘዋል።

፯. «በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይን ያጠፋል»

እውነታው፦ ዓይን ይደክማል፣ ይደርቃል፣ ራስ ያማል፤ ሲያርፍ ግን ይመለሳል። ዘላቂ ጉዳት ያደርሳል የሚለው አልተረጋገጠም። ከዚህ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ዕድሜ ነው። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ገደማ ነው፤ ብሌኑ ይጠብባል፣ የዓይን ሌንሱም ቢጫ እየሆነ ይመጣል። ለወጣቱ «ይበቃል» የምንለው ብርሃን ለእናቱ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ቤታችሁ ውስጥ አዛውንት ካሉ መብራቱን በእሳቸው ዓይን ለኩ፤ በደረጃውና ወደ መታጠቢያ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ በተለይ።

፰. «ማብራት ማጥፋት ቆጣሪውን ያስሮጠዋል»

እውነታው፦ አያስሮጠውም። ኃይል ቆጣቢ የምንለው ጥምዝምዙ አምፖል ቶሎ ቶሎ ሲጠፋና ሲበራ ዕድሜው ያጥር ነበር፤ ኤልኢዲ ግን ይህ ችግር የለበትም። ከክፍሉ ስትወጡ አጥፉ።

ለአክስቴ የገዛንላት ብዙ አይደለም። ከማድ ቤቱ ቁም ሳጥን ሥር አንድ ሜትር ብርሃን፣ 4,000 ኬልቪን፣ ሲአርአይ 90። ለሳሎኑ ጥግ አንድ አባጁር። የኮርኒሱ ረድፎች ማብሪያቸው ተለያየ፤ አሁን አብዛኞቹ እንግዳ ካልመጣ አይበሩም።

ባለፈው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስሄድ ማድ ቤት ቆማ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ቀና ብላ «ልጅ ሆነን ኩራዙን ከምድጃው ወደ ሰፌዱ፣ ከሰፌዱ ወደ ደብተሩ እናዞረው ነበር» አለችኝ። ኩራዝ ደካማ ብርሃን ነበር፤ ዓይንም ደረትም ያቃጥላል፣ ማንም ተመልሶ አይመኘውም። ግን ሁልጊዜ ሥራው ወዳለበት ይሄድ ነበር። አዲሱ አምፖላችን ከእሱ መቶ እጥፍ ይበረታል፤ የቀረው ወደ ሰፌዱ ማምጣት ብቻ ነው።