አልጋ ከማንጠፍ የተጀመረ ትምህርት

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ብልባላ በጥንታዊዎቹ የቂርቆስና የጊዮርጊስ አብያተ ክርስቲያናት ትታወቃለች። በዙሪያዋ ባለው የላስታ ገጠር ሴት ልጅ ትምህርቷን የምታቋርጥባቸው ምክንያቶችም የታወቁ ናቸው። አንዷ ትዳራለች፤ ሌላዋ ውኃና ከብት ላይ ትቀራለች። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰችውም ከተማ ወርዳ ቤት መከራየት፣ ስንቋን ከቤተሰቧ እያመላለሰች መማር አለባት። ኪራዩ ሲከብድ ብዙ ጊዜ ተመለሺ የምትባለው ሴቷ ናት።

እንዲህ የቀረች ሴት ነርስ ልትሆን ትችላለች?

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ትምህርት ቤት ሳይገቡ በልጅነታቸው ተዳሩ። የመጀመሪያ ምጣቸው ቀናት ፈጀ። ሕፃኑ ሞተ፤ እሳቸው ፊስቱላ ያዛቸው። ምጥ ሲራዘም የሕፃኑ ራስ በፊኛና በማህፀን በር አካባቢ ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ያሳጣዋል፤ ሥጋው ሞቶ ቀዳዳ ይከፈትና ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ፣ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን አከሟቸው።

ወይዘሮ ማሚቱ ከዚያው ሳይወጡ ቀሩ። አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል። ዶክተር ሬጂናልድ የእጃቸውን ብልሃት አይተው መስፋቱን አስተማሯቸው። ከጊዜ በኋላ ሐኪሞች ሳይቀሩ የፊስቱላን ቀዶ ሕክምና ከእሳቸው ይማሩ ጀመር። ፊደል ግን ገና አልቆጠሩም ነበር። የማታ ትምህርት የገቡት በሙያው ከተካኑ በኋላ ነው፤ ሐኪም እያሠለጠኑ የ3ኛ ክፍል ተማሪ የነበሩበት ጊዜ አለ! እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው።

ታሪካቸው ብርቅ ይሁን እንጂ መንገዱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ሃምሊኖች በኋላ ባቋቋሙት በአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ብዙዎቹ የነርስ ረዳቶች ራሳቸው ታክመው የዳኑ ሴቶች ናቸው። አዲስ የገባችው ታካሚ ስታፍር፣ የምታፍርበትን ነገር በሰውነታቸው ያውቁታል። ይህን እውቀት የትኛውም ክፍል አያስተምረውም።

ያም ሆኖ ረዳትነት ነርስነት አይደለም፤ ፈቃድ የሚሰጠው በወረቀት ነው። ወደ ጤና ሙያ አንድ በር የከፈተው የጤና ኤክስቴንሽን በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመልምለው አንድ ዓመት ሠለጠኑ። ብዙዎቹ እየሠሩ ደረጃ 4 ደረሱ፤ ዲግሪ የያዙም አሉ። ያን ጊዜ 8ኛ ክፍልን ጨርሳ ያቋረጠች ሴት በዚህ በር ላይ ለመድረስ ሁለት ዓመት ይበቃት ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ግን 12ኛ ክፍልን መጨረስ ይጠበቅባታል፤ ልጅ ላቀፈች እናት አራት ዓመት ነው። እዚህ ላይ የማታ ትምህርት ሊደርስላት ይገባል፤ የማታው ክፍል ደግሞ ከምትኖርበት በእግር የማይደረስ ከሆነ፣ የኪራዩ ጣጣ ዳግመኛ ይጠብቃታል።