ለሥራ ሲባል ማተብ ይደበቃል?

በአገራችን ሽበት ያስከብራል። ለንደን ላይ ግን ሃምሳን የተሻገርን ስደተኞች ለቃለ መጠይቅ ስንጠራ ሽበታችንን ቀለም እንቀባለን፤ ማተባችንን ከሸሚዝ ሥር እንሸሽጋለን።

ሕጉ ይህን አይጠይቀንም። ያለ በቂ ምክንያት በዕድሜ ሳቢያ ሥራ መንፈግ በብሪታንያ ከኦክቶበር 2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ሲቪ ላይ የልደት ዘመን የመጻፍ ግዴታም የለብንም።

በዚያው ዓመት የሂትሮው አየር ማረፊያ ሠራተኛ የነበሩት ኮፕት ክርስቲያን ናዲያ ኤዊዳ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ መስቀሌን አልደብቅም በማለታቸው ያለ ደመወዝ ወደ ቤት ተሸኙ። በጃንዋሪ 2013 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በዚያው ዕለት መስቀሏን በሐብል ያንጠለጠለች ነርስ ግን በሆስፒታል ደኅንነት ምክንያት ተረታች።

ወገኖቻችን፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ የምንፈልግ ይህን ልዩነት እንወቅ። ቀለሙ የየራሳችን ምርጫ ነው፤ ማተባችንን ግን ማንም ሳይጠይቀን አንበጥስ።