በሰም ተይዞ የተቀመጠ ዕጢ

ኩዌት የሚኖር ሐበሻ ጃብሪያን የሚያውቃት በሙባረክ አል ከቢር ሆስፒታል ወይም በማዕከላዊው የደም ባንክ ነው። እዚያው ሰፈር በ1973 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኩዌት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲም አለ። በፋኩልቲው የፓቶሎጂ ክፍል ይሠሩ የነበሩት ፋህድ አል ሙላ ከግላስጎው ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በ2006 ያሳተሙት ጥናት፣ ሐኪሞችን ዛሬም እንቅልፍ የሚነሣ ጥያቄ አንሥቷል፦ የትልቁ አንጀት ዕጢ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ካንሰሩ የሚመለስበት ሕመምተኛ የትኛው ነው?

ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ ቢያልፍም ንፍፊቶቹ ዘንድ ካልደረሰ፣ አብዛኛው ሰው በቀዶ ሕክምናው ብቻ ይድናል። ጥቂቶቹ ላይ ግን ቆይቶ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ብቅ ይላል። ለሁሉም ኬሞቴራፒ ከተሰጠ ብዙዎች ያለ ጥቅም ይሠቃያሉ፤ ለማንም ካልተሰጠ ጥቂቶቹ ይጠፋሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ደግሞ የሁለቱ ወገኖች ዕጢ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱን ለማግኘት ሴሉ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ጤነኛ ሴል የሚባዛው ከውጭ ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። ትእዛዙን በሴሉ ገጽ ላይ ያለ ተቀባይ ይቀበልና ኬራስ ለሚባል ፕሮቲን ያስተላልፋል። ኬራስ ራፍን፣ ራፍ ሜክን፣ ሜክ ኤርክን ይቀሰቅሳል፤ ኤርክ ኒውክሊየሱ ውስጥ ገብቶ መባዛቱን ያስጀምራል። በዚህ መስመር ላይ አርኪፕ የሚባል ፕሮቲን አለ። በ1999 በታተመ ጥናት እንደታየው፣ ራፍን ይዞ ሜክን እንዳይቀሰቅስ የሚከለክል ፍሬን ነው። የነአል ሙላ ቡድን ከሕመምተኞች ወጥተው በፓራፊን ሰም ውስጥ የተቀመጡ ዕጢዎችን እያቀለመ ይህ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን ፈተሸ። ዕጢያቸው ውስጥ አርኪፕ የጠፋባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ያነሰ የመትረፍ ዕድል ነበራቸው።

እዚህ ለመድረስ የብዙ ሰው ሥራ አስፈልጓል። ፍሎሮዩራሲል የተባለው መድኃኒት ከቻርልስ ሃይደልበርገር ቤተ ሙከራ በ1957 ወጥቶ እስከ ዛሬ የዚህ ካንሰር ሕክምና መሠረት ነው። ኤችቲ 29 የሚባሉት ሴሎች በ1964 ከአንዲት የ44 ዓመት ሴት ዕጢ ተወስደው አሁንም በየአገሩ ላቦራቶሪ በ37 ዲግሪ ሙቀት ይባዛሉ። ሆኖም ብልቃጥ ውስጥ የደም ሥር የለም፤ በሽታን የሚከላከል ሴልም የለም። ለዚህ ነው ብልቃጥ ውስጥ የተሳካ መድኃኒት ሁሉ ሰው ላይ የማይሠራው። ሴቱክሲማብን ተመልከቱ። ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት ሆኖ በ2004 አሜሪካ ፈቀደችው፤ ኬራሳቸው የተበላሸ ሰዎች ግን እንደማይጠቀሙበት በ2008 ተረጋገጠ። በሩ ቢዘጋም ከበሩ በኋላ ያለው ኬራስ በራሱ ትእዛዝ ይሰጣል። ከመቶ ሕመምተኞች አርባ የሚሆኑት እንዲህ ናቸው። በማይጠቅም መድኃኒት የሚመጣውን ወጪና ሥቃይ ያስቀረው ዕጢውን አስቀድሞ መመርመር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የኛ ሰው ዕጢ ነው። በዓለም በየዓመቱ ወደ 1.9 ሚሊዮን ሰው በዚህ ካንሰር ይያዛል። በ2011 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከወንዶች ካንሰር ሁሉ አንደኛ ሆኖ ያገኘው ይህንኑ ነው። ብዙዎቹ ሕመምተኞች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ኩዌት በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንም በሰገራቸው ደም ሲያዩ ኪንታሮት ነው ብለው ዝም ቢሉ አልፈርድባቸውም፤ እረፍት ለመጠየቅ እንኳ የሚከብዳቸው አሉ። ለሳምንታት የማያቆም የሰገራ ለውጥ፣ ደምና ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ግን ለሐኪም ሊነገር ይገባል።

መድኃኒት መግዛት ብቻውን አይበቃም እላለሁ። ለጃብሪያው ጥናት ያስፈለገው ሁለት ነገር ነበር፦ በወጉ የተቀመጠ ዕጢና የሕመምተኛው ቀጣይ ታሪክ። ዕጢ በየሆስፒታላችን በየቀኑ ይቆረጣል፤ ባለቤቱ ግን ከጎጃም ወይም ከባሌ መጥቶ ታክሞ ሲመለስ መድረሻውን መከተል ይከብዳል። የቤተሰብ ስልክ መዝግቦ፣ በየዓመቱ እየደወለ፣ "አሉ ወይ? እንዴት ናቸው?" ብሎ መልሱን ከዕጢው ቁጥር ጎን የሚጽፍ አንድ ነርስ በመቅጠር መጀመር ይቻላል።