የአሮጌውን ቴፕ እድፍ እንዴት እናስለቅቅ?

በብዙ ቤቶች መደርደሪያ ላይ አንድ አሮጌ ቴፕ አይጠፋም። ሞተሩ ይዞራል፣ ድምፁም ጥሩ ነው፤ የቁርኣን ካሴቶችና የአያቶች ድምፅ የተቀዳባቸው ካሴቶች የሚደመጡትም በእርሱ ነው። የውጭ ሽፋኑ ግን በከሰልና በዕጣን ጭስ ጠቁሯል፤ ልጆች የለጠፉበት ተለጣፊ ወረቀትም ተልጦ ሙጫው አቧራ ይዞ ቀርቷል። ይህን ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱ ቤንዚን ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይዞ ይነሣል። ጥፋቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለምን?

አብዛኛው የቴፕና የሬዲዮ ሽፋን የሚሠራው ኤቢኤስ ወይም ፖሊስታይሪን ከተባሉ የፕላስቲክ ዓይነቶች ነው። በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አሴቶን ሁለቱንም ያሟሟል። ሙጫው ሲለቅ ፕላስቲኩም አብሮ ይለሰልስና ሲደርቅ ሻካራ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው እድፍ አይደለምና ታጥቦ አይጠራም። ቤንዚንም ፖሊስታይሪንን ይጎዳል፤ ከዚያ የከፋው ግን ትነቱ በቀላሉ እሳት መያዙ ነው። ከሰል በሚነድበት ቤት አደጋው ለቴፑ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡ ሁሉ ነው።

እንግዲህ ደንቡ አንድ ነው፦ ከደካማው ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ብርቱው መሄድ።

ቅደም ተከተሉ

1. በመጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀል፣ የባትሪ ድንጋዮቹም ይውጡ። ውሃ በቀጥታ አይፈስበትም፤ ጨርቁ ተነክሮ በደንብ ይጨመቅ። ባለ ቱቦ አሮጌ ቴሌቪዥን የምናጸዳ ከሆነ ከውጭ ብቻ እናጽዳ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ገዳይ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላልና።

2. ለጭስና ለእጅ ቅባት ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። በአዝራሮች መካከል ያለውን እድፍ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያወጣዋል። የድስት ሽቦና ብርጭቆ ወረቀት ግን ሽፋኑን ይጭሩታል።

3. በተለጣፊው ወረቀት ላይ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ። ከዚያ ጠርዙን በጥፍር ወይም በአሮጌ የስልክ ካርድ ማንሣት ነው፤ ቢላዋ አያስፈልግም።

4. ለቀረው ሙጫ ጥቂት የምግብ ዘይት በጥጥ ይቀባ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ በጨርቅ ይታሽ። ዘይቱ ሲቆይ አቧራ ይስባል፣ ፕላስቲክንም ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ስለዚህ ወዲያው በሳሙና ውሃ ፈጽሞ ይጥራ።

5. ይህ ሁሉ ካልበቃ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ የማጽጃ አልኮል በጥጥ ጫፍ መሞከር ይቻላል። መጀመሪያ ከሥር በማይታይ ቦታ ይሞከር። የጣቢያ ቁጥሮች የሚታዩበትን ጥርት ያለ መስኮትና የታተሙ ጽሑፎችን ግን አይንካ፤ መስኮቱን ሊሰነጣጥቅ፣ ጽሑፉንም ሊያጠፋ ይችላል።

ቢጫው ቀለምስ?

ነጭ ወይም ግራጫ የነበረ ሽፋን ቢጫ ከሆነ እድፍ ነው ብለን አንድከም። የፀሐይ ብርሃንና ዕድሜ ፕላስቲኩን ራሱን ለውጠውታልና በማሸት አይለቅም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ አንዳንዶች በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድና በብርሃን ያነጡታል፤ ቢጫው ግን ውሎ አድሮ ሊመለስ ይችላል፤ ፈሳሹም ቆዳና ዓይን ይጎዳል። ለቤት ቴፕ ንጹሕ ቢጫ ይበቃል።

ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጨርቁንና የሳሙናውን ውሃ ለልጆች እንስጥ፤ አልኮሉ በትልልቆች እጅ ይቆይ።