ቬይል ኔቡላ፦ ጋዝ የቀረጸው ፍንዳታ

ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ እምብርቱ ይደረመሳል፤ የቀረው አካሉ ይፈነዳል። ሱፐርኖቫ የሚባለው ይህ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ ተብሏል። ከዚያ በኋላ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የሚሆነው ግን የሚገባውን ያህል አልተወራለትም።

ሲግነስ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን ቬይል ኔቡላን እንውሰድ። ዊልያም ኸርሸል በ1784 እ.ኤ.አ. ያየው ሲሆን 2,400 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ኮከቡ ከፈነዳ ከ10,000 እስከ 20,000 ዓመት ይሆነዋል።

ፎቶውን የሚለጥፉ ሰዎች ከሥሩ «የኮከቡ ፍርስራሽ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ መታረም አለበት። እዚያ ከሚያበራው ጋዝ አብዛኛው በኮከቡ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። በከዋክብት መካከል ያለው ሰማይ ባዶ አይደለም፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር በአማካይ አንድ አተም ያህል ይገኝበታል። ኢምንት ይመስላል፤ በብዙ አሥር የብርሃን ዓመታት ስፋት ሲጠራቀም ግን ኮከቡ ከተፋው ቁስ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የፍንዳታው ማዕበል ይህን ጋዝ እየጠረገና እያጋለ ይጓዛል።

ደማቁ ክፍል ፍንዳታው የበረታበት ነው የሚሉም አሉ። ነገሩ ግልባጭ ነው። ማዕበሉ ስስ ጋዝ ሲያገኝ ይፈጥናል፤ ጋዙን እስከ ሚሊዮኖች ዲግሪ ያግለዋል። እንዲህ የጋለ ጋዝ የሚለቀው በዋናነት ኤክስሬይ ስለሆነ ለዓይን አይታይም። ጥቅጥቅ ያለ ደመና ሲገጥመው ማዕበሉ ይዘገያል፤ ጋዙም ቶሎ ይበርዳል፤ እየበረደም ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን ይሰጣል። የምናደንቀው ውበት ያለው ማዕበሉ በተደናቀፈበት ቦታ ነው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ክሮቹን ነው፤ ክሮች ግን አይደሉም። ነጠላ ሲዘረጋ ወዲያ ማዶ ያሳያል፤ ሲታጠፍ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ይወጣል። ኔቡላውም ስስ የጋለ ጋዝ ንጣፍ ነው። በዙሪያው ያለው ጋዝ ወጥ ስላልሆነ ማዕበሉ አንዱ ጋ ይቀድማል፣ ሌላው ጋ ይዘገያል፤ ንጣፉም ይሸበሸባል። ሽብሽቡን በጠርዙ በኩል ስናየው ብርሃኑ ተደራርቦ ቀጭን ክር ይመስላል።

በቴሌስኮፕ የምታዩ ከሆነ የኦክስጅንን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር ግጠሙ፤ ያለ እሱ፣ ያውም ከከተማ መብራት ሥር፣ አይታችሁ «ምንም የለም» አትበሉ። ምዕራባዊው ቅስት 52 ሲግኒ በተባለው ኮከብ አጠገብ ያልፋል። ያሳየኋቸው ሰዎች «የፈነዳው ይሄ ነው?» ይሉኛል። አይደለም፤ ከኔቡላው ይልቅ ለእኛ እጅግ የቀረበ፣ በመንገድ ላይ የቆመ ኮከብ ነው።

የአካባቢው ጋዝ ዕድሜንም ያሳስታል። በ185 እ.ኤ.አ. የቻይና ጠቢባን የመዘገቡት ፍንዳታ ቅሪት እንደሆነ የሚታመነው አርሲደብልዩ 86 ለዕድሜው ከሚገባው በላይ ተለቅ ብሎ ተመራማሪዎችን ግራ ሲያጋባ ኖሯል። በ2011 እ.ኤ.አ. የቀረበው ማብራሪያ ኮከቡ ከመፈንዳቱ በፊት የነፈሰው ነፋስ ዙሪያውን ጠርጎ እንደነበር ይናገራል፤ ማዕበሉም በተከፈተለት ስፍራ ያለ ከልካይ ሮጧል። በፊት በቦታው ምን ያህል ጋዝ እንደነበር ሳይጠይቅ ከስፋቱ ብቻ ዕድሜ የሚያሰላ ሰው ስሌቱ ትክክል ሆኖ መልሱ ይሳሳትበታል።