ላፕቶፑ አዲስ፣ ከርነሉ አሮጌ ሲሆን

ፊልቱ ውስጥ ከጓደኛ በተገኘ ፍላሽ ኡቡንቱ 20.04 የተጫነበት ላፕቶፕ እንውሰድ። ስክሪኑም ኪቦርዱም ድምፁም ይሠራል፤ ዋይፋይ ግን የለም። ባለቤቱ ተበላሽቷል ብሎ ለጠጋኝ ሊሰጠው ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም፤ ከርነሉ፣ ማለትም ዕቃዎቹን ሁሉ የሚያዝዘው የሊኑክስ እምብርት፣ የዋይፋዩን ቺፕ አያውቀውም።

በሊኑክስ አብዛኞቹ ድራይቨሮች፣ ማለትም ከርነሉ ዕቃዎቹን የሚያዝዝባቸው ፕሮግራሞች፣ ከከርነሉ ጋር አብረው ነው የሚወጡት። ኡቡንቱ 20.04 መጀመሪያ ይዞት የመጣው ከርነል 5.4 ሲሆን ይህ ከርነል የወጣው በኖቬምበር 2019 ነው። ለምሳሌ ኤምቲ7921 ለተባለው የሚዲያቴክ ዋይፋይ ቺፕ ድራይቨር የገባው ግን በ5.12፣ በኤፕሪል 2021 ነው። ቀኖቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታዲያ ድራይቨሩን ብቻ ቀድቶ ማስገባት ለምን አይበቃም? የከርነሉ የውስጥ አሠራር ስለሚለዋወጥ ነው። አዲስ ስሪት በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል፤ ገንቢዎቹም የተሻለ መንገድ ሲያገኙ አሮጌውን ያስወግዳሉ። ሰዓት ቆጣሪ ያዘጋጅ የነበረው «ሴትአፕ ታይመር» በጃንዋሪ 2018 በወጣው 4.15 ላይ ቀርቶ ቦታውን «ታይመር ሴትአፕ» ያዘ። የተለወጠው ስሙ ብቻ አይደለም፤ የሚቀበለው መረጃም ተለውጧል። በአዲሱ አሠራር የተጻፈ ድራይቨር በጣም የቆየ ከርነል ላይ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ከሶርስ ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀየር፣ እንዲህ ዓይነት የማይገኝ ስም ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ባክፖርት የሚባለው ሥራ ይህን ክፍተት ይሞላል። ጋራዥ ውስጥ የአዲስ ሞዴል መለዋወጫ በአሮጌ መኪና ላይ ሲገጠም መሃል ላይ ማገናኛ እንደሚሠራለት ሁሉ፣ ባክፖርትም አሮጌው ከርነል የጎደለውን ትዕዛዝ የሚተካ ስስ ኮድ በመሃል ያስገባል። ሥራው በ2007 በሉዊስ ሮድሪጌዝ «ኮምፓት ዋየርለስ» በሚል ስም ተጀምሮ በኋላ «ባክፖርትስ» ተባለ። የራውተር ሶፍትዌሩ ኦፕንደብሊውአርቲም የዋይፋይ ክፍሉን የሚወስደው ከዚህ ነው። ድራይቨሩ ብቻውን አይመጣም፤ የሚደገፍባቸው «ማክ80211» እና «ሲኤፍጂ80211» የተባሉት የጋራ ክፍሎችም በአዲስ ይተካሉ። አሮጌውና አዲሱ ተቀላቅለው አይሠሩም።

ይሁን እንጂ ወደዚህ ከመሄድ በፊት ቀላሉን መሞከር ይበጃል። ኡቡንቱ ለ20.04 ከርነል 5.15ንም አውጥቷል፤ የኤምቲ7921 ድራይቨር እዚያ ውስጥ አለ። ከርነሉን ብቻ ማውረድ፣ ከ5 ጊጋባይት በላይ ከሆነው የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ዳታ ነው የሚፈልገው። ዋይፋይ ሳይኖር በምን ይወርዳል ከተባለ፣ አንድሮይድ ስልክን በኬብል ሰክቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ማብራት ነው። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኬብል ኔትወርክ ስለሚያየው የዋይፋይ ድራይቨር አያስፈልገውም።

ባክፖርት የሚያስፈልገው ተስማሚ ከርነል ካልተገኘ ወይም በሌላ ምክንያት ከርነሉ መነካት ከሌለበት ነው። የድራይቨሩ ሶርስ ኮድ፣ ኮምፓይለርና ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር እንዲገጥም የሚያደርጉት የከርነሉ ሄደር ፋይሎች መኖር አለባቸው። ፈርምዌሩም መረሳት የለበትም፤ እሱ ቺፑ ራሱ ላይ የሚጫን ፋይል ስለሆነ ድራይቨሩ ቢገባም ያለ እሱ ዋይፋዩ አይነሳም። ሴኪዩር ቡት የተባለው የኮምፒውተሩ ማስነሻ ጥበቃ ከበራ ደግሞ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር ከርነሉ አይቀበልም። ከርነሉ በተሻሻለ ቁጥርም ድራይቨሩ እንደገና ኮምፓይል መደረግ አለበት፤ በ2003 ዴል ያወጣው ዲኬኤምኤስ የተባለ ፕሮግራም ይህን በራሱ ይሠራል።

እኔ ባክፖርትን የምመክረው እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ነው። ድራይቨሩን ያድሳል እንጂ የቀረውን ሲስተም የጥበቃ ቀዳዳ አይደፍንም፤ የ20.04 መደበኛ ድጋፍም በሜይ 2025 አብቅቷል። አዲስ ስሪት እስኪጭኑ ግን ወደ ነገሌ ወይም አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካገኙ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች እንዲያመጣልዎ ፍላሽ ይስጡት፤ ከፍላሹ ጋር የከርነልዎን ሙሉ ቁጥርና የቺፑን ስም በወረቀት ጽፈው ያስይዙት። ቁጥሩ የማይገጥም ሄደር ቢመጣ ድራይቨሩ አይሠራም።