ሚዛኑ ያው ነው፣ ቀበቶው ግን ጠበበ
በነገሌ ቦረና ከከብትና ከግመል ኋላ ሲጓዙ ኖረው በስተርጅና ከተማ የገቡ ብዙ አባቶችና እናቶች አሉን። የአንዳንዶቹ ክብደት ሳይጨምር ሆዳቸው ይገፋል፤ ጭናቸው ይሳሳል። ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ቦታውን ስብ ይይዛል። መቀመጥ ደግሞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ሚዛኑን ትተው ወገብዎን ይለኩ፤ ከቁመትዎ ግማሽ አይብለጥ።

ወደ መስጂድ በእግር ይሂዱ። ሩኩዕና ሱጁድ መገጣጠሚያን ያፍታታሉ፤ ለጡንቻ ግን በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን፣ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ይጨምሩበት።

ወተቱን አይተዉ፤ ባቄላና ምስርም አይናቁ። ችግሩ ሻዩ ነው! 3 ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ 5 ብርጭቆ ሲጠጣ 15 ማንኪያ ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን በቀን ከ6 የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። በየብርጭቆው አንድ ማንኪያ ቀንሰው ይጀምሩ፤ ምላስ ይለምዳል።